ለጃፓን ሾርባ የሚሆን ሚሶ እንዴት ይመረጣል?

ሚሶ፣ ማለትም ጃፓኖች ሾርባ የሚሠሩበት የአኩሪ አተር ልውስ፣ የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው «ሽሮ» የሚለው ላይ ነው። አትቸኩሉ። በጃፓንኛ ሽሮ ማለት ነጭ ነው። አጠገቡ ደግሞ «አዋሴ» ይኖራል። እሱም በርበሬ የለበትም፤ የተለያየ ሚሶ የተቀላቀለበት ማለት ነው።

እኔን የሸወደኝ ግን ስሙ ሳይሆን ቀለሙ ነው። እንደ በርበሬ ጠቆር ያለው ይሻላል ብዬ ጥቁሩን ገዛሁ። ቤት ገብቼ በጭልፋ ጨመርኩበት። ሾርባው ለአፍ አልሆነም፤ ጨው ብቻ!

ሚሶ የተቀቀለና የተፈጨ አኩሪ አተር ከጨውና ከኮጂ ጋር ተለውሶ፣ ታፍኖ የሚብላላ ነው። ኮጂ ደግሞ ሩዝ ወይም ገብስ፣ አንዳንዴም አኩሪ አተሩ ራሱ ላይ ሆን ተብሎ እንዲበቅል የተደረገ ሻጋታ ነው። ስልጆ የሚወድ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ባቄላውም አኩሪ አተሩም የሚጣፍጠው ጊዜ ሲያገኝ ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ

ቀለሙ ዕድሜውን ይናገራል። ብዙ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል፤ ጣዕሙም ይከብዳል።

ነጩ ኮጂ ይበዛበታል፤ ጨው ያንስበታል። ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሚቆይ ጣፈጥ ይላል። የታወቀው የኪዮቶው ሳይክዮ ሚሶ ነው፤ ጨዉ ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ነው። ቢጫ መሳዩ ሺንሹ ሚሶ የናጋኖ ነው። ጃፓን ውስጥ ከሚመረተው ሚሶ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ይኼው ነው። ቀዩ፣ «አካ» የሚሉት፣ ወራት አልፎም ከዓመት በላይ ይቆያል። የእሱም የሺንሹም ጨው 12 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። እኔን ጉድ የሠራኝ ሃቾ ሚሶ የሚባለው ነው። አይቺ ግዛት፣ ኦካዛኪ ከተማ ውስጥ ያለ ሩዝና ያለ ገብስ፣ ከአኩሪ አተርና ከጨው ብቻ ይሠራል። በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች፣ ድንጋይ ተከምሮበት ከሁለት ዓመት በላይ ይቀመጣል። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለጀማሪ ይከብዳል እንጂ።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሺንሹ ወይም አዋሴ ውሰዱ። ከአትክልቱም፣ ከቶፉውም (አይብ ከሚመስለው የአኩሪ አተር ምግብ)፣ ከዓሣውም ይስማማል። ነጩን ብቻ ገዝታችሁ ሾርባው ቢጣፍጥባችሁ እኔን አትውቀሱ።

ቀጥሎ ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጥሩ ሚሶ ዝርዝሩ አጭር ነው፦ አኩሪ አተር፣ ሩዝ ወይም ገብስ፣ ጨው። አልኮል የሚል ብታዩ አትደንግጡ። በጥቂቱ የሚጨመረው ዕቃው ውስጥ መብላላቱን እንዳይቀጥል ነው። ስኳርና ማጣፈጫ ከበዛበት ግን መልሱት።

የጾም ምግብ ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሚሶ በራሱ ጾም ነው። «ዳሺ ኢሪ» የሚለው ግን የሾርባው መረቅ አብሮት የገባ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዓሣ አለበት። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ እሱን ተዉት። ግሉተን የማይስማማው ሰው ደግሞ ከገብስ የሚሠራውን ሙጊ ሚሶ ይለፈው።

መረቁና ልኩ

ሚሶ ብቻውን በፍል ውሃ ቢበጠበጥ ሾርባ አይሆንም፤ ዳሺ የሚባል መረቅ ይፈልጋል። ለጾም የሚሆነው ቀላሉ የኮምቡ ነው፤ ኮምቡ የደረቀ የባሕር ቅጠል ነው። በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 10 ግራም ያህል ዘፍዝፉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዝግታ አሙቁትና ሊፈላ ሲል ቅጠሉን አውጡ። የደረቀ እንጉዳይም ይሆናል።

በመረቁ ውስጥ አትክልቱን ወይም ቶፉውን አብስሉ። ከዚያ እሳቱን አጥፉ። ሚሶውን በጭልፋ ውስጥ በትንሽ መረቅ በጥብጡና ጨምሩ። በቀጥታ ከጣላችሁት ይጓጉላል። ከገባ በኋላ ማፍላት የለም፤ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል።

ልኩ ለአንድ ሳህን፣ ማለትም ለ200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ልክክ ያለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ከሺንሹ ከሆነ ይህ ብቻ 2 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ስለዚህ ሌላ ጨው አትንኩ። ግማሹን ጨምራችሁ ቅመሱ፤ ከዚያ ቀሪውን።

የተረፈውን ሚሶ በደንብ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ፍሪዘርም ይችላል፤ ጨዉ ስለሚበዛ እንደ ድንጋይ አይደርቅም፣ በማንኪያ ይዛቃል። ከላይ ቡናማ ውሃ ቢያቀር አትድፉት፤ መልሳችሁ አማስሉት።