ስለ ሥነ ፈለክና ስለ ሕዋ ጉዞ የሚነበብ መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

ስለ ሰማይ የሚናገሩ መጻሕፍት በአብዛኛው ውብ ናቸው፤ የመምረጡ ችግርም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ የታተመ የኔቡላ (በሕዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶግራፍ ማንንም ስለሚማርክ ገዢው ጽሑፉን ሳይመረምር ይገዛል፤ አንባቢውም ሥዕሎቹን አገላብጦ ሲጨርስ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያ ይመልሰዋል። ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ አንባቢው ማወቅ የሚፈልገውን ነገር ለይቶ መጠየቅ፣ ከዚያም መጽሐፉን በጥቂት ገጾቹ መፈተን ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ዕድሜ ሁለተኛ መመዘኛ ነው። ሮኬት አየር በሌለበት ቦታ ምን ገፍቶ እንደሚሄድ የሚጠይቅ የዐሥር ዓመት ልጅ ለትልልቅ ሰዎች የተጻፈ የሮኬት መጽሐፍ ሊጠቅመው ይችላል፤ በአንጻሩ ማታ ቀና ብሎ «ያ ብሩህ ኮከብ ምንድን ነው?» ለሚል አዋቂ የሚያስፈልገው የሰማይ ካርታ እንጂ የጽንፈ ዓለምን አጀማመር የሚተርክ ወፍራም ጥራዝ አይደለም።

ለልጅ የሚገዛ መጽሐፍ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በልጅነት የተያዘ የተሳሳተ ሐሳብ ዕድሜ ልክ አብሮ ሊዘልቅ ይችላልና። መጽሐፉን ሲያነሡ በቅድሚያ የጨረቃን ገጽታ መለዋወጥ የሚያብራራውን ገጽ ይፈልጉ። ከግርዶሽ ጊዜ በስተቀር የጨረቃ ግማሽ አካል ሁልጊዜ በፀሐይ ብርሃን የበራ ነው፤ አንዴ እንደ ማጭድ ቀጥና፣ አንዴ ሞልታ የምትታየን በምህዋሯ ላይ እንዳለችበት ቦታ ከበራው ግማሽ ለእኛ የሚታየው ክፍል ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ ነው። መጽሐፉ በየወሩ ጨረቃን የሚሸፍናት የመሬት ጥላ እንደሆነ አድርጎ ከተናገረ የጨረቃን ግርዶሽ ከወርኃዊው ለውጥ ጋር ቀላቅሎታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር መተው ይሻላል። ቀጥሎ ወቅቶች የሚፈራረቁበትን ምክንያት ያንብቡ። ትክክለኛው ምክንያት የመሬት ዘንግ 23.4 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉ ነው። መሬት ለፀሐይ ስትቀርብ ሙቀት፣ ስትርቅ ብርድ ይሆናል የሚል መጽሐፍ መሬት ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በብርድ ላይ ባለበት ወቅት፣ መሆኑን አላስተዋለም።

ሦስተኛው መፈተኛ ገጽ መሬትና ጨረቃ አንድ ላይ የተሣሉበት ነው። የመሬት ዲያሜትር 12,742 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሌላ አነጋገር በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሠላሳ መሬቶችን በተርታ ሊይዝ ምንም አይቀረውም። በሥዕሉ ላይ መሬት 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካላት ጨረቃ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቃ መሣል ነበረባት፤ ይህም በአንድ ገጽ ላይ አይገባም። ስለዚህ ሁለቱን አጠጋግቶ መሣል ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ሥዕሉ ርቀትን ያልጠበቀ መሆኑን ሳይናገሩ ማለፍ ነው። ጥሩ የልጆች መጽሐፍ ይህንን ከሥዕሉ ሥር ይጽፋል፤ ከዚያም አልፎ ልጁ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስና 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ኳስ ይዞ 9 ሜትር አራርቆ እንዲያስቀምጣቸው ይጋብዘዋል። ልጅ በእጁ የሠራውን አይረሳምና እንዲህ ያለ ተግባር የሚሰጡ መጻሕፍትን አብልጬ እመክራለሁ።

የፎቶግራፎቹን ነገር ለማንኛውም አንባቢ መመርመር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በዋናነት የሚመለከተው ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ነው፤ በምስሎቹ ላይ የምናያቸው ቀለሞች ባለሙያዎች የጨረሩን ልዩ ልዩ የሞገድ ርዝመት ለማሳየት የመደቧቸው ናቸው። ይህ ማታለል ሳይሆን መረጃን የማንበቢያ መንገድ ነው፤ ይሁንና መጽሐፉ የትኛው ቀለም ምንን እንደሚወክል፣ ምስሉ በየትኛው መሣሪያ እንደተነሣ ካልገለጸ አንባቢው ያየውን ነገር ምንነት ሳይረዳ ይቀራል። ከምስል ግርጌ የተጻፉትን መግለጫዎች ሦስት አራቱን ብቻ በማንበብ የአዘጋጁን ጥንቃቄ መገመት ይቻላል።

ቀጥሎ የእትሙን ዓመት ይመልከቱ። «እንደገና የታተመ» እና «ተሻሽሎ የታተመ» የሚሉት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው አሮጌው ጽሑፍ በአዲስ ሽፋን ሊሆን ይችላል። የመጽሐፉን ትክክለኛ ዕድሜ ለማወቅ ይዘቱን መጠየቅ ነው። ፕሉቶን ዘጠነኛ ፕላኔት የሚል መጽሐፍ የተጻፈው እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት ነው፤ ወይም ከዚያ ወዲህ አልታረመም። ፀሐይን በሚመስሉ ሌሎች ኮከቦች ዙሪያ ስለሚዞሩ ፕላኔቶች ዝም ካለ ከ1995 በፊት፣ የጽንፈ ዓለም መስፋት እየፈጠነ መሄዱን ካላነሣ ከ1998 በፊት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ የስበት ሞገድ (በግዙፍ አካላት እንቅስቃሴ በሕዋ የሚፈጠር ሞገድ) በ2015 በመሣሪያ ተይዟል፤ የጥቁር ጉድጓድ (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል) የመጀመሪያው ምስል ደግሞ በ2019 ይፋ ሆኗል። የሳተርንን ጨረቃዎች ብዛት መመልከትም ያዋጣል። በማርች 2025 በአንድ ጊዜ 128 አዳዲስ ጨረቃዎች ዕውቅና አግኝተው ድምሩ 274 ስለደረሰ፣ ቁጥሩን ሲጽፍ «እስከዚህ ዓመት ድረስ የታወቁት» ብሎ የሚገድብ ደራሲ ዕውቀት እንደሚያድግ የተረዳ ደራሲ ነው። ይህ ሲባል ግን አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የኮከብ ስብስቦች ቅርጽ፣ የጨረቃ ገጽ ካርታና የፕላኔቶች እንቅስቃሴ ሕግ በአንድ ሰው ዕድሜ ስለማይለወጡ በእነዚህ ላይ የተጻፈ የአርባ ዓመት መጽሐፍ ዛሬም በደንብ ያገለግላል።

ሰማዩን ራሱ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚመረጠው መጽሐፍ የተለየ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት መጽሐፉ ለየትኛው ኬክሮስ እንደተዘጋጀ ማረጋገጥን ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ተመልካቹ ካለበት ሰሜናዊ ኬክሮስ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ስለዚህ በ50 ዲግሪ ሰሜን ለሚኖር ሰው የተሠራ ካርታ ለምድር ወገብ ነዋሪ በቀጥታ አያገለግልም፤ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጭራሹን የማይታዩ ኮከቦችን ያሳየዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በመቅድሙ ወይም በካርታዎቹ ጠርዝ ላይ ስለሚጻፍ ሳይገዙ ይፈልጉት። ከዚህ ሌላ ለጀማሪ የምመርጠው መጽሐፍ በባዶ ዓይን ጀምሮ ወደ ባይኖኩላር (7×50 ወይም 10×50 የተባለው፣ ማለትም 7 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላና የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ይበቃል)፣ ከዚያም ወደ ቴሌስኮፕ የሚያሸጋግረውን ነው፤ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ቴሌስኮፕ ግዙ የሚል መጽሐፍ ሰማዩን የማያውቅ ሰው መሣሪያውን ወዴት እንደሚያዞር አያስተምረውም። ጥሩ የምልከታ መጽሐፍ በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታየውንም በሐቅ ይናገራል። የሳተርን ቀለበት 30 ጊዜ ያህል በሚያጎላ መሣሪያ በግልጽ ይለያል፤ የኦሪዮን ኔቡላ ግን ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም የመለየት ችሎታው አነስተኛ ስለሆነ በፎቶግራፍ እንደሚታየው ቀይና ሐምራዊ ሳይሆን ግራጫ ጉም መስሎ ይታያል። ይህንን አስቀድሞ ያነበበ ሰው በመጀመሪያው ምሽት ተስፋ አይቆርጥም።

የሕዋ ጉዞ ታሪክ ወዳጆች ከሌላ ችግር መጠበቅ አለባቸው፤ እሱም የአንድ ወገን ትረካ ነው። ታሪኩን ከአፖሎ 11 የጁላይ 1969 የጨረቃ ጉዞ ጀምሮ የሚተርክ መጽሐፍ የኦክቶበር 1957ቱን የመጀመሪያ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን፣ የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ጋጋሪን በኤፕሪል 12 ቀን 1961 ያደረገውን የ108 ደቂቃ በረራና የመጀመሪያዋን ሴት ጠፈርተኛ የቴሬሽኮቫን የ1963 ጉዞ ስለሚዘል የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት ውድድር ለምን እንደተነሣ አያስረዳም። የሶቪየት ሮኬቶች ዋና ንድፍ አውጪ የነበረው ኮሮሊዮቭ ስሙ ለሕዝብ የተነገረው በጃንዋሪ 1966 ከሞተ በኋላ መሆኑን የሚያነሣ መጽሐፍ ቢያንስ ሁለቱንም ወገን ለማየት ሞክሯል። አዲስ እትም ከሆነ ደግሞ ቻይና በ2019 ከጨረቃ የጀርባ ገጽ ላይ ማረፏን፣ ሕንድም በኦገስት 2023 ወደ ጨረቃ ደቡብ ዋልታ በተጠጋ ስፍራ መንኮራኩር ማሳረፏን ማካተት ይጠበቅበታል።

የእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ደረጃ ይበልጥ የሚታወቀው አደጋዎችን በሚተርክበት ምዕራፍ ነው። የአሜሪካዊቷን መንኮራኩር የቻሌንጀርን አደጋ የሚያወሳውን ገጽ ያውጡ። መንኮራኩሯ በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሣች በ73 ሰከንድ ፈራርሳ ሰባት ሰዎች መሞታቸውን ብቻ ተናግሮ ካለፈ መጽሐፉ ዜና ነግሮዎታል። የሮኬቱን ክፍሎች መገጣጠሚያ የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበት በብርድ ምክንያት የመለጠጥ ችሎታው እንደቀነሰ፣ ትኩስ ጋዝ በዚያ በኩል እንዳመለጠ፣ መሐንዲሶችም በዋዜማው ምሽት በረራው እንዲዘገይ መክረው ሳይሰሙ እንደቀሩ ካብራራ ግን ሕዋ የሚኬድበትን ሥራ ከነውሳኔው አሳይቶዎታል። እኔ ይህን ምዕራፍ ሳላነብ የሕዋ ታሪክ መጽሐፍ ለማንም አልመክርም።

በሰዎች ሕይወት በኩል መማር ለሚቀናው አንባቢ የጠፈርተኞች ማስታወሻና የሳይንቲስቶች የሕይወት ታሪክ አለለት። ማስታወሻ የጸሐፊውን ስሜት ይሰጣል፤ ለቀንና ለቴክኒክ ዝርዝር ግን ከታሪክ መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ይገባል። በሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ ላይ ደግሞ ግኝቱ እንዴት እንደተደረሰበት መብራራት አለበት። ስለ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሄንሪታ ሌቪት የሚተርክ መጽሐፍ ብርሃናቸው የሚዋዥቅ የተወሰኑ ኮከቦች የመዋዠቂያ ጊዜያቸው በረዘመ ቁጥር ይበልጥ ብሩህ መሆናቸውን እንዴት እንዳስተዋለች፣ ይህም እነሱን የርቀት መለኪያ እንዴት እንዳደረጋቸው ካላሳየ ዋናውን ነገር ትቶታል።

በሒሳብ ጠለቅ ብሎ መግባት ለሚፈልግ ሰው የመማሪያ መጽሐፍ የግድ ነው፤ ከተራ ንባብ የሚለየውም በእርሳስና በወረቀት የሚነበብ በመሆኑ ነው። ለጅምር አልጄብራና ትሪጎኖሜትሪ ይበቃሉ፤ ካልኩለስ የሚያስፈልገው የኮከቦችን ውስጣዊ አሠራርና የስበትን ጉዳይ በጥልቀት መመርመር ሲጀመር ነው። ደረጃው ለአንባቢው የሚስማማ መሆኑን ለመለካት የኬፕለርን ሦስተኛ ሕግ፣ ማለትም የፕላኔትን ከፀሐይ ርቀት ከዙረቷ ጊዜ ጋር የሚያያይዘውን ሕግ፣ የሚያቀርበውን ክፍል ይሞክሩ። ጁፒተር ከፀሐይ ያላት ርቀት መሬት ካላት ርቀት 5.2 ጊዜ ይበልጣል፤ 5.2 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 140.6 ይሆናል፤ የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት 11.86 ነው፤ ጁፒተርም ፀሐይን የምትዞረው በ11.86 ዓመት ነው። አንባቢው ይህን ስሌት ያለ ችግር ተከትሎ የማርስን ራሱ ማስላት ከቻለ መጽሐፉ ይሆነዋል፤ ካልቻለ ከእሱ በፊት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ መጽሐፍ ያንብብ። ለብቻው ለሚማር ሰው ደግሞ በየምዕራፉ መልመጃ ያለው፣ ቢያንስ ለግማሾቹ መልስ በመጨረሻ ገጾቹ የተሰጠ መጽሐፍ ይምረጡለት፤ መልስ የሌለው መጽሐፍ መምህር ላለው ተማሪ ነውና።