የሚገማ ትኋን ከጓሮ አትክልት እንዴት ይጠፋል?

ቲማቲሙ ከሩቅ ደህና ይመስላል። ቀረብ ስትሉ ግን ቆዳው ሥር ደብዘዝ ያለ ነጭ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ አለው። ስትቆርጡት ደግሞ ነጠብጣቡ ሥር ያለው ሥጋ ነጥቶ ስፖንጅ መስሏል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። ጥፋተኛው ግን ሲነኩት የሚገማው ትኋን ነው። እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን ፍሬው ውስጥ ሰክቶ፣ ምራቁን ለቆ፣ ጭማቂውን ይመጥጣል። ቃሪያ፣ ፎሶሊያና በቆሎም አይቀሩትም።

መጀመሪያ እሱ መሆኑን አረጋግጡ። የአልጋው ትኋን የሩቅ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ይህኛው የጋሻ ቅርጽ አለው፣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው። አንድ ችግር አለ፦ እሱን የሚመስል፣ ግን ሌሎች ተባዮችን እየበላ የሚጠቅመን ዘመድ አለው። ገልብጣችሁ አፉን እዩት። እንደ ክር የቀጠነ ከሆነ ጠላት ነው፣ ወፈር ካለ ወዳጅ ነውና ልቀቁት። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንቱን ወዳጅ ፈጅቻለሁ!

ቀጥሎ እንቁላሉን ፈልጉ። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ቅጠሉን ገልብጡት። ጥቃቅን በርሜል የመሰሉ እንቁላሎች ተጠጋግተው ተደርድረው ታገኛላችሁ። አረንጓዴው ዓይነት በአንድ ቦታ በአስሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ እንቁላል ይጥላል። ስለዚህ አንድ ቅጠል ቀነጠሳችሁ ማለት አንድ መንጋ አስቀራችሁ ማለት ነው። የቀነጠሳችሁትን ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ ጣሉት። ቅጠሉን መቁረጥ ካሳዘናችሁ እንቁላሉን በፕላስተር ለጥፋችሁ አንሱት። ነጣ ያሉት እንቁላሎች ሙሉ በሙሉ ከጠቆሩ ግን ብዙ ጊዜ ውስጣቸው የጥቃቅን ተርቦች ልጆች እያደጉ ነው፤ አትንኳቸው፣ ተርቦቹ ሲወጡ ሌላ የትኋን እንቁላል ፍለጋ ይሄዳሉ። ገና የተፈለፈሉት ትኋኖች ለጥቂት ቀናት እንቁላሉ አጠገብ ተኮልኩለው ይቆያሉ። ክንፍም የላቸውም። በአንድ እጅ የምታፍሷቸው ያኔ ነው።

ለትልልቆቹ ማልዳችሁ ውጡ። በጠዋት ብርድ ሰውነታቸው ስለሚደነዝዝ ቶሎ አይበሩም። ባልዲ ውስጥ ውሃ አድርጉና ጥቂት የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። ሳሙናው ከሌለ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ያመልጣሉ። ትኋኑ ሲደነግጥ ልማዱ ዱብ ማለት ነው፤ ባልዲውን ከሥር ደግናችሁ ቅርንጫፉን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። በእጅ አትጨፍልቁት፣ ጓንትም አድርጉ። ሽታው ቶሎ አይለቅም። የእርጥብ ድንብላል ሽታ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ አልተሳሳቱም፦ ሁለቱም ውስጥ አልዲሃይድ የሚባሉ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች አሉ። ይህን ፍሬ በሚይዝበት ወቅት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ደጋግሙት። አንዴ ለቅማችሁ ብትተዉት ዋጋ የለውም።

መደበቂያም አታስቀምጡለት። በአትክልቱ ዙሪያ ያለውን ረጅም አረምና ያረጀ ተረፈ ምርት አንሱ። ቦታ ካላችሁ ዳር ዳሩን ሱፍ ወይም ማሽላ ዝሩ፤ ትኋኑ ወደዚያ ይሳባል፣ እናንተም እዚያው ትለቅሙታላችሁ። ሳትለቅሙ ከቀራችሁ ግን ግብዣ ደገሳችሁለት ማለት ነው። ስስ መረብ ማልበስም ይሠራል። ዱባና ዝኩኒ ላይ ግን አበባ ሲያወጡ አንሱት፣ ንብ ካልገባ ፍሬ የለም።

ስለ መርጫ፦ ለተክል የተዘጋጀ የሳሙና መርጫ ትንንሾቹን በቀጥታ ካገኛቸው ይገድላል። ትልልቆቹን ብዙም አይነካቸውም። ጠንካራው ኬሚካል ንቡንም ተርቡንም አብሮ ይጨርሳል፣ ትኋኑ ደግሞ ከጎረቤት በሮ ይመለሳል። ለጓሮ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የግድ ከሆነባችሁ ለምትረጩት አትክልት የተፈቀደ መሆኑንና ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት መያዣው ላይ ካለው ጽሑፍ አንብቡ።

የተወጋውን ቲማቲም አትጣሉት። ካልበሰበሰ ነጩን ቦታ ቆርጣችሁ ቀሪውን ብሉት፣ ምንም አይላችሁም።