ፍሪጁ ስለጮኸ ተበላሽቷል ማለት አይደለም

ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል የፍሪጅ ድምፅ ይጎላል። አብዛኛው ድምፅ ግን የጤና ነው። ውሃ የሚንቆረቆር የሚመስለው የሚያቀዘቅዘው ጋዝ በቱቦዎቹ ውስጥ ሲዘዋወር ነው፤ ሞተሩ ካቆመ በኋላም ትንሽ ይቆያል። ድንገት "ቋ" የሚለው ደግሞ የውስጡ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ነው። ኖ ፍሮስት ከሆነ በረዶውን በየጊዜው ራሱ ስለሚያቀልጥ፣ ጠብታው በረዶ ማቅለጫው ማሞቂያ ላይ ሲያርፍ "ቸስ" ይላል። አያሳስባችሁ።

የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከሰማችሁ ፍሪጁን በእጃችሁ ደገፍ አድርጉት። ዝም ካለ እግሩን አስተካክሉ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፣ ላዩ ላይ የተደረደረውን ትሪና ድስትም አንሱ።

ልብ ማለት ያለባችሁ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሞተሩ "እምም" ብሎ ለመነሳት ይሞክርና "ቀጭ" ብሎ ይጠፋል። በቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ገና ስላልተስተካከለ ነው። ሶኬቱን ንቀሉና 5 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ መልሱት። ከዚያም በኋላ "ቀጭ ቀጭ" እያለ ካላቀዘቀዘ ወይ የመብራቱ ኃይል አንሷል፣ ወይ የሞተሩ ማስነሻ ተበላሽቷል። ያኔ ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ፤ እንዲሁ ከተተወ ሞተሩ ራሱ ሊቃጠል ይችላል።