የመጀመሪያው ሞተር፦ ለጀማሪ ልጅ ሲገዛ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የእህቴ ልጅ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ መንጃ ፈቃዱን በያዘ በሳምንቱ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ጋሼ፣ እስቲ እየው» አለኝ። ቀይ አፓቺ 200 ነው። አየሁት። ያምራል። ችግሩም ማማሩ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የጀመርኩት በመሥሪያ ቤት ያማሃ ኤጂ 100 ነበር። ካቴናዋ እንኳ ተሸፍኖ የማይታይ፣ ጭቃ የማይበግራት፣ ውበት የሚባል ነገር ያልጎበኛት ሞተር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎረቤትና ዘመድ «ለልጃችን ሞተር አስመርጠን» እያለ ይዞኝ ወጥቷል። ገዢው ይለያያል እንጂ ስህተቱ ያው ነው።

«ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስንገዛ እጅጌው ጣት የሚሸፍነውን እንመርጣለን። ልጅ ያድጋላ! ብዙ አባት ሞተር የሚገዛውም በዚሁ ሒሳብ ነው። «ዛሬ መቶ ሲሲ ገዝቼ ለከርሞ ሌላ ከምገዛ አንድ ጊዜ ሁለት መቶውን ልግዛና ልረፍ» ይላል። (ሲሲ የሞተሩ መጠን መለኪያ ነው።) እጅጌ ቢረዝም ይታጠፋል። የሞተር ጉልበት ግን አይታጠፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀማሪ ፍሪሲዮኑን (በግራ እጅ የሚጨበጠውን፣ የሞተሩን ጉልበት ከጎማው የሚያላቅቀውን) ቀስ እያለ አይለቅም፤ ባንዴ ነው የሚለቀው። ሞተሩ ወደ ፊት ይዘላል። ሰውነቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እጁ ግን እጀታውን እንደጨበጠ ነው። ወደ ኋላ የቀረው ሰውነት እጁን ይጎትተዋል፣ የተጎተተው እጅ ደግሞ እጀታውን አዙሮ ነዳጁን ይበልጥ ይከፍተዋል። ልጁ በደነገጠ ቁጥር አጥብቆ ይይዛል፤ አጥብቆ በያዘ ቁጥር ሞተሩ ይብስበታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው «እናቴ» ብሎ ሳይጨርስ ነው።

ቦክሰር 100 የምትባለው ትንሽ ሞተር ስምንት ያህል የፈረስ ጉልበት አላት። ያው ስህተት እሷ ላይ ቢፈጸም አንድ ዝላይ ዘላ አብዛኛውን ጊዜ ትጠፋለች። ልጁ ያፍራል፣ የሰፈር ልጅ ይስቃል፣ አለቀ። አፓቺ 200 ግን ወደ ሃያ የፈረስ ጉልበት ነው። እሱ ላይ ግድግዳ ወይም የሰው ሱቅ አለ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጀማሪ ከ100 እስከ 125 ሲሲ በቂ ነው። ቦክሰር 100፣ ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ 125 እና መሰሎቻቸው። 150 የምፈቅደው ለአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ለዳገት። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታልና። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ሆና ሜዳ ስለሆነች መቶዋ ትበቃለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ፣ ያውም እንደዚያ ዳገታም ሆኖ፣ መቶዋ ሰው ጭና ስታለቅስ ትሰሟታላችሁ። ስለዚህ ሞተሩን ከመምረጣችሁ በፊት ልጁ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ ቁጠሩት። የጓደኞቹን ሞተር አትቁጠሩ።

ሳያስቀምጡት መግዛት

ይሄ በጣም ያናድደኛል። አባት ብቻውን ሄዶ ይገዛና «ሰርፕራይዝ» ይላል። ጫማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም እኮ!

ልጁን አስከትላችሁ ሂዱ። ሞተሩ ላይ ይቀመጥ። ሁለቱም እግሩ ባንዴ መሬት መንካት አለበት። ሙሉ ተረከዙ ባይደርስ እንኳ የእግሩ የፊተኛው መዳፍ በደንብ ይረፍ። በጣት ጫፍ ብቻ የሚቆም ልጅ ቆሞ ነው የሚወድቀው፤ እየነዳ አይደለም። ባጃጅ መጥቶበት ሲቆም፣ ኮረኮንች ላይ እግሩን ሲያወርድ፣ መሬቱ ከጠበቀው በላይ ይርቅበታል።

የእህቴን ልጅ አንድ ሱቅ ወስጄው እንደ ሆንዳ ኤክስኤል ያለ ከፍ ያለ የገጠር ሞተር ላይ «ልቀመጥ» አለ። ቁመቱ አጠር ያለ ነው፤ ይህን ስጽፍ ይቀየመኛል። ተቀመጠ። ቀና ሲያደርገው ግራ እግሩ አየር ላይ ቀረ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እኔ መሪውን፣ ደላላው ኋላውን ይዘን ነው ያዳንነው። ደላላው ታዲያ ላቡን ጠርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይለምደዋል፣ ችግር የለም።»

ተቀምጦ ከደረሰለት ሁለት ነገር ደግሞ ይሞክር። አንደኛ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ወርዶ እየገፋ ወደ ኋላ ያዙረው። ሁለተኛ፣ እናንተ ደግፋችሁት ሞተሩን አጋድሞ ራሱ ያንሳው። ቦክሰር 100 ከ110 ኪሎ ብዙም አይዘልም። አፓቺ 200 ወደ 150 ኪሎ ይጠጋል። አርባ ኪሎ ማለት አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ብቻውን ማንሳት ያልቻለውን ሞተር ብቻውን መንገድ ላይ ይዞት አይውጣ።

አሮጌ ሲገዙ ቀለም ማየት

ለጀማሪ አሮጌ ሞተር መግዛት ስህተት አይደለም። እንዲያውም እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ መውደቁ አይቀርማ። ስህተቱ አሮጌን እንደ አዲስ በዓይን ብቻ መግዛት ነው። ቀለም ርካሽ ነው። ስቲከር ከዚያም ይረክሳል።

ደርሳችሁ መጀመሪያ የምትነኩት ሞተሩን ነው። ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ጠዋት አስነስቶ ያሞቀው ሰው፣ ቀዝቃዛው ሞተር የሚናገረውን እንዳትሰሙ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። «ሌላ ቀን ጠዋት እመጣለሁ፣ እንዳታስነሳው» በሉት። ቀዝቃዛ ሆኖ ያለ ብዙ ልመና ከተነሳ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ ኋላ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ከታየ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ይሄኛው በካርቡራተር ማስተካከል ሊድን ይችላል። እንደ ኤጂ 100 ያሉት ዘይትና ቤንዚን አብረው የሚያቃጥሉት ግን ጭሳቸው ተፈጥሯቸው ነውና አትፍረዱባቸው።

ቀጥሎ መሪው። የፊት ጎማው አየር ላይ እንዲሆን አንድ ሰው ከኋላ ይጫንላችሁ፤ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት። መሐል ላይ «ቀጭ» ብሎ የሚያዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ከፊት ሆናችሁ ስታዩት መሪውና ጎማው ካልገጠሙ ሞተሩ ከባድ ግጭት አይቷል። የፊት አሞርዛተሩ (ንዝረት የሚያበርደው) ላይ ዘይት ከታየ ዘይቱን የሚይዘው የውስጥ ጎማ አልቆ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። የካቴናው ጥርሶች እንደ ውሻ ክራንቻ ከሾሉ ካቴናውም ጥርሱም አብረው ይቀየራሉ፤ ዋጋው ላይ ቀንሱት። ቻንሲው፣ ማለትም ሞተሩን የተሸከመው ዋናው ብረት፣ ላይ ብየዳ ካያችሁ ግን ዋጋ አትከራከሩ። አመስግናችሁ ሂዱ።

እኔ ራሴ በዚህ ተበልቻለሁ። ሁለተኛዋን ሞተሬን ስገዛ ሻጩ ቡና ጋበዘኝ፣ ስለ እናቱ አጫወተኝ፣ ሞተሯም ሞቃ ነበር። በሳምንቱ ጋራዥ ተኛች። መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ዝም ብሎ አየኝ። የዚያን ዝምታ ዋጋ አሁንም አልረሳሁትም።

ወረቀቱን «በኋላ እናስተካክላለን» ማለት

አጭር ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የቻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ፣ ቁጥር በቁጥር አንብቡ። ቁጥሩ የተፋቀ ከመሰለ ተውት። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ መግዛት ለጊዜው ይቀላል፤ ባለቤቱ ሲጠፋ ወይም ሲሞት ግን ልጃችሁ የሰው ንብረት ይዞ ይቀራል። ሰሌዳ የሌለው ርካሽ ሞተር ደግሞ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ ያለሱ አንድ ቀን እንኳ አይውጣ።

ልጁ አዲስ አበባ ሊማር ወይም ሊሠራ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተሮች ላይ ገደብ ስትጥል ብዙ ሰው ሞተሩን ግቢ አቁሞ ቀርቷል።

ዕድሜው ለመንጃ ፈቃድ ሳይደርስ ገዝቶ ማስቀመጥም እዚሁ ይግባ። «ቁልፉን እኔ ጋ ነው የማስቀምጠው» ይላሉ። ቁልፉ የት እንዳለ የማያውቅ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ እስካሁን አላየሁም።

ገንዘቡን ሁሉ ሞተሩ ላይ መጨረስ

ሞተሩ ይገዛል፣ ደላላው ይከፈላል፣ ከዚያ ሻጩ በምርቃት የሰጠው ሄልሜት ይታደላል። ምርቃቱን ሄልሜት እዩት፤ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ ሳህን አይሻልም። ጥናቶች እንዳሳዩት ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያ ግን ደህና ሄልሜት ነው፣ ያውም የታሰረ።

ሲገዛ ልጁ ራሱ ይለካው። ጉንጩን ጫን ብሎ መያዝ አለበት። አገጩ ሥር ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ስትገፉት ከወለቀ ትልቅ ነው። እዚህም «ያድግበታል» አይሠራም። ከኋላው ወይም ማሰሪያው ላይ ክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር ፈልጉ፤ የአውሮፓን ፈተና ያለፈ መሆኑን ይነግራል። ይሄም ስቲከር ስለሆነ ይኮረጃል፤ ስለዚህ በእጃችሁ መዝኑት፣ ውስጡን በጣት ጫኑት። ውስጡ ጠንካራ ፎም ከሌለው ተዉት። አንድ ጊዜ በግጭት የተመታ ሄልሜት ደግሞ ላዩ ደህና ቢመስልም አልቆለታል። ለዚህ ነው አሮጌ ሞተር ግዙ እያልኩ አሮጌ ሄልሜት አትግዙ የምለው።

ቀጥሎ ጓንት። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚልከው እጁን ነው። ከዚያ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። በነጠላ ጫማ ሞተር የሚነዳ ልጅ ሳይ ጥርሴ ያመኛል።

«ሥራ ይሠራበታል»

ይሄ የእኛው ነው። ሞተር ውድ ስለሆነ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ሳምንት ገቢ ይጠብቃል። ሰው ያመላልስበት፣ ዕቃ ያድርስበት። ስለዚህ ረጅም ወንበር ያለው፣ ኋላው ብረት የተበየደለት ሞተር ይመረጣል። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ግን ሞተሩ ሌላ ሞተር ይሆናል። ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ይረዝማል፣ መሪው ይቀልላል፣ መታጠፊያ ላይ የኋለኛው ሰው በተቃራኒው ያዘነብላል። ብቻውን ሚዛን መጠበቅን ገና እየተማረ ያለ ልጅ የሰው ነፍስ መጫን የለበትም። ቢያንስ ጥቂት ወራት ብቻውን ይንዳ። የአክስት ልጅንም አይሸኝ። አክስትየውን ለመቀየም ዝግጁ ሁኑ፤ እኔ ሆኛለሁ።

መለዋወጫው የማይገኝ ሞተር መውደድ

ሰፈር ውስጥ ያለው መካኒክ የሚያውቀውን ግዙ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። አንድ ወዳጄ ከውጭ የመጣ ብርቅ ሞተር ገዝቶ የፍሬን ሸራ አራት ወር ጠብቋል። የሐዋሳ ልጆች በሞተሩ ላይ ፎቶ ተነሡበት፤ ሌላ አገልግሎት አልነበረውም።

የእህቴ ልጅስ? ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ከዚያ አቶቴ አካባቢ አንዲት አሮጌ ቦክሰር 100 አገኘን፤ ጥቁር፣ ታንከሯ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሄደን ነው ያስነሳናት። የተረፈውን ብር ሄልሜትና ጓንት ላይ አዋልነው።

በአራተኛው ቀን ማታ በር ተንኳኳ። ሞተሯን እየገፋ መጥቷል። የግራ እጀታው፣ የፍሪሲዮኑ፣ እንደ ጥያቄ ምልክት ታጥፏል። ጓንቱ መዳፉ ላይ ተልጧል፤ እጁ ደህና ነው። «እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ቆሜ ነው የወደቅኩት ጋሼ፤ በራችን ላይ፣ ቆሜ!»

በማግሥቱ እጀታውን ራሱ ገዝቶ ራሱ ቀየረው። አሮጌውን ጠማማ እጀታ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅሎታል፤ የአፓቺው ፎቶ ከተለጠፈበት ጎን።