የበረሃ ብርድ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚጀምረው፦ የላስ ቬጋስ ቤትና ጓሮ በዊንተር

አገር ቤት ስደውል እናቴ «እንዴ፣ በረሃ ውስጥ ደግሞ ምን ብርድ አለ?» ትለኛለች። ቬጋስ ሲባል የሚታያት የሐምሌው ቃጠሎ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንደሷ ነበር የማስበው። ታህሳስ ላይ አንድ ቀን በቲሸርት ጓሮ ውስጥ ስሠራ ዋልኩ። ጠዋት ስወጣ ስንት ወር የተንከባከብኳት የሎሚ ተክል ቅጠሏ ሁሉ ጠቁሮ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ አገኘሁት። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የማደርገውን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ።

ክረምት ትቼ ዊንተር የምለው ክረምት ስንል ዝናቡ ስለሚመጣብን ነው። በጋ የምለውም የፈረንጁን ሰመር፣ የሐምሌውን ቃጠሎ ነው። እዚህ በዓመት የሚዘንበው ሁሉ ተደምሮ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

መጀመሪያ ሰማዩን እዩ

በጥር ወር ቀኑ በአማካይ 58 ፋራናይት (14 ሴንቲግሬድ) ገደማ ይደርሳል፣ ሌሊቱ ወደ 40 (4 ሴንቲግሬድ) ይወርዳል። ይሄ አማካዩ ነው። ውሃ ከሚረጋበት ከ32 (0 ሴንቲግሬድ) በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 እና በ1963 ጥር ላይ እስከ 8 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 13 ሴንቲግሬድ) ወርዶ ያውቃል። በረዶም ይጥላል። በፈረንጅ 2008 ታህሳስ ላይ አየር ማረፊያው አካባቢ በአንድ ቀን 3.6 ኢንች (9 ሴንቲሜትር ገደማ) ተለክቷል።

ምክንያቱን የደጋ ልጅ የሆነ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊት ውርጭ ወርዶ ባቄላውን ያቃጥለው የለ? እዚህም ያው ነው። ደመና የለም፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፣ የሚመልስለት የለም። ማታ ላይ ወጥታችሁ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ከሆነ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ፣ ያን ሌሊት ተጠንቀቁ። ደመና ካለ ግን ቀኑ ቀዝቃዛ ቢሆን እንኳ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም።

ስልካችሁ ላይ የምታዩትን ቁጥር ብቻ አትመኑ። የከተማዋ ይፋዊ ልኬት የሚወሰደው አየር ማረፊያው ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ዝቅ ወዳለ ቦታ ይተኛል፣ የእናንተ ጓሮ ከዚያ በብዙ ሊለይ ይችላል። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ተክሉ አጠገብ አስቀምጡ።

ተክሉን የምትሸፍኑት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው

ይህንን ካልያዛችሁ ሌላው ሁሉ አይጠቅማችሁም። ብርድ ልብስ በራሱ ሙቀት የለውም፤ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን አፍኖ ነው የሚያቆየው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ትዝ ብሏችሁ ብትሮጡ መሬቱ ሙቀቱን ጨርሷል። ታህሳስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ ሰዓት 4:30 ገደማ ነው። ብዙዎቻችን ታክሲ ላይ ወይም ካዚኖ ውስጥ የማታ ሺፍት ስለምንሠራ፣ ከቤት ስትወጡ ሸፍናችሁ ውጡ። ለጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ መሸፈን ተክሉን አይጎዳውም።

አሮጌ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ያረጀ ጋቢ፣ ያላችሁን ተጠቀሙ። ሽፋኑ እስከ መሬት ይውረድና ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ብዙ ሰው ግንዱ ላይ ሰብስቦ ያስረዋል፣ እንደዚያ ሲሆን ከመሬት የሚወጣው ሙቀት ቅርንጫፉ ጋ አይደርስም። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ቅጠሉ እዚያው ይቃጠላል፣ ባትጠቀሙበት ይሻላል። በጣም ሲከፋ የድሮዎቹን የሚሞቁ የገና መብራቶች ከሽፋኑ ሥር መዘርጋት ይረዳል፤ ለውጭ የተሠሩ ይሁኑ፣ አምፖሉ ጨርቁን አይንካ። ኤልኢዲ ግን አይሞቅም። አፈሩን ቀን ላይ አጠጡት፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይበልጥ ሙቀት ይይዛል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጡት።

እኛ ሎሚ የምንላት ትንሿ፣ ቆዳዋ ስስ የሆነችው፣ ብርድ ጨርሶ ከማይችሉት የሎሚ ዘመዶች አንዷ ናት። ብርቱካን የተሻለ ይችላል። ሎሚ የግድ ካማራችሁ (እኔ ሁለተኛ ተክያለሁ) በትልቅ ማሰሮ ትከሉና ወደ ደቡብ በሚያየው የብሎክ አጥር ጥግ አስቀምጧት። ብሎኩ ቀን ፀሐይ ይሞቅና ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። በሶብላና ቃሪያ ውርጭ ከነካቸው አለቀላቸው፣ ከዚያ በፊት ልቀሟቸው።

ተክሉ ከተቃጠለ ደግሞ አትቁረጡት። የመጀመሪያዋ ሎሚዬ የሞተችው በዚህ ነው። የጠቆረውን ቅርንጫፍ ጥር ላይ ቆረጥኩ፣ የካቲት ላይ ሞቅ ሲል አዲስ ቀንበጥ አወጣች፣ ሌላ ውርጭ መጥቶ ያንን ጨረሰው። የጠቆረው ቅርንጫፍ ከበታቹ ላለው ሽፋን ነው። ቡገንቪሊያም እንደዚሁ፣ የሞተ ቢመስልም እስከ ፈረንጅ ማርች አጋማሽ ድረስ ታገሱት።

ሁሉም ግን ብርድ አይጠላም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ባቄላ እዚህ ወቅታቸው ዊንተር ነው፣ በበጋው ሙቀት የማይታሰቡ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት በኦክቶበርና በኖቬምበር ይተከላል። ጎመን ብርድ ሲነካው ስኳር ያበዛል። የጥር ጎመን ቆርጣችሁ በዚያው ቀን ሠርታችሁ ካልበላችሁ የምለው አይገባችሁም።

ውሃውና ቧንቧው

በከተማዋ የውሃ ደንብ ከኖቬምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ጓሮ በመስኖ የሚጠጣው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም በአድራሻችሁ በተመደበላችሁ ቀን። እሁድ ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው። የመስኖውን ታይመር ካላስተካከላችሁት በበጋው ፕሮግራም እየሄደ ቅጣት ያመጣል። ሰዓቱንም ረፋድ ላይ አድርጉት፣ ሌሊት የረጨ ውሃ የእግር መንገዱ ላይ በረዶ ይሆንና ሰው ይጥላል። እኔ ይህንን ደንብ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ቤት ውስጥ ተጠቅመንበት በፍሳሽ የሚወርደው ውሃ ታክሞ ውሃችን ወደሚመጣበት ሐይቅ፣ ወደ ሌክ ሚድ፣ ይመለሳል፣ ጓሮ የፈሰሰው ግን አይመለስም።

የውሃ ጎማውን ከቧንቧው ንቀሉ። ተሰክቶ ከቀረ ውስጡ ያለው ውሃ ሲረጋ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ከግድግዳ ውጭ የሚታየውን ቧንቧ ሁሉ በስፖንጅ መሸፈኛ ጠቅልሉት፣ ዋጋው ትንሽ ነው። የመስኖውን ቫልቭ ሳጥን ስትከፍቱ ጓንት አድርጉ፣ ብላክ ዊዶው የምትባለዋ መርዘኛ ሸረሪት እዚያ ውስጥ መኖር ትወዳለች። ጊንጦችም በዊንተር የአጥር ብሎክ ስንጥቅ ውስጥ ተሰብስበው ይከርማሉ፣ ስለዚህ የተከመረ እንጨትና ድንጋይ በባዶ እጅ አታንሱ።

ቤት ውስጥ

ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ሲበርድ በርና መስኮት ዘግተን፣ ከሰል አያይዘን ቡና እናፈላለን። እባካችሁ ይህንን አታድርጉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፣ ለዕጣኑም የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ። ቤቱን ለማሞቅ ብሎ የጋዝ ኦቨን ከፍቶ መተውም ያው አደጋ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኝታ ቤት አካባቢ ግጠሙ። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ራስ ምታትና ማዞር ከያዛቸው ወዲያው ውጡና 911 ደውሉ።

ሌላው ድርቀቱ ነው። ሂተሩ የደረቀውን አየር ያብሰዋል። ነስር፣ የከንፈር መሰንጠቅ፣ የበር እጀታ ስትነኩ ቆንጠጥ የሚያደርግ ስታቲክ ይመጣል። መኝታ ቤት ሂዩሚዲፋየር አስቀምጡ፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ቀን ፀሐይ የሚገባበትን መጋረጃ ክፈቱ፣ ስትጠልቅ ዝጉ። ሊጡ ደግሞ ይዘገያል፤ እኔ ጋ በበጋ በሁለት ቀን የሚነሳው በጥር አራት ቀን ይፈጃል። ኦቨኑን ሳትለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ሊጡን ውስጡ አሳድሩት። እንጀራው ቶሎ ጠርዙ ስለሚሰነጣጠቅ ሳይውል ሳያድር ሸፍኑት። ድርቆሽ ለሚያሰጣ ሰው ግን ይህን የመሰለ አየር የለም።

ወፎቹ

ዊንተርን እንድወደው ያደረጉኝ እነሱ ናቸው። በግንባራቸው ላይ ጥቁር ጉትዬ ያላቸው ድርጭቶች ጠዋት ጠዋት በአጥር ሥር ተሰልፈው ያልፋሉ። ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚያድሩ ሁሉንም አትከርክሙት፣ አንድ ጥግ ተዉላቸው። ሃሚንግበርድ የምትባለው የአበባ ማር የምትጠጣ ትንሽ ወፍ አገራችን የለችም፣ እኛ ጋ የአበባ ማር የምትጠጣው ሌላ ወገን ናት። እዚህ አናስ ሃሚንግበርድ የምትባለው በዊንተርም አትሰደድም። አንድ ስኒ ስኳር በአራት ስኒ ውሃ በጥብጡና በሚንጠለጠል መጠጫ ስቀሉላት፣ ቀይ ቀለም አትጨምሩ። ሌሊት ገላዋን አቀዝቅዛ፣ የልቧን ምት ቀንሳ ነው የምታድረው፣ ስለዚህ ሲነጋ በጣም ርቧት ትነሳለች። ውሃው ከረጋ የምትጠጣው አታገኝም። እኔ መጠጫውን ማታ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ከሺፍት ስመለስ ገና ሳይነጋ አውጥቼ እሰቅለዋለሁ። አንዳንድ ቀን እጄን ከማንጠልጠያው ሳላነሳ ትደርሳለች።