ለጉርድ ቀሚስ ዳርት እንዴት ይለካል? የትስ ይቀመጣል?

ጉርድ ወገብ ላይ ልክክ ብሎ ዳሌ ላይ እንዳያጣብቅ የሚያደርገው ዳርት ነው። ከወገብ ተነስቶ ወደ ታች እየጠበበ በሹል የሚያልቀው እጥፋት ማለት ነው። ስፋቱን ከሌላ ሰው ልብስ ላይ አትገልብጡ። ከለባሿ ልክ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ወገቧን፣ ዳሌዋን ወፈር የሚልበት ቦታ ላይ፣ ከዚያም በሁለቱ መካከል ያለውን ቁመት ለኩ። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሳ.ሜ ነው። ወገቡ አልለይ ካላችሁ ክር እሰሩና ጎንበስ ቀና ትበል፤ ክሩ ራሱ ቦታውን ይይዛል።

ወገብ 70፣ ዳሌ 96 ነው እንበል። ለመንቀሳቀሻ ወገቡ ላይ 2፣ ዳሌው ላይ 4 ጨምሩ። 72 እና 100 ሆነ። ወረቀት ላይ የሚሳለው የፊቱ ግማሽና የኋላው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ለ4 ሲካፈል 18 እና 25 ይመጣል። እኔ ግን ወገቡን እኩል አልከፍለውም፤ ከኋላው 1 ሳ.ሜ ወስጄ ለፊቱ እሰጣለሁ። ስለዚህ ፊት 19፣ ኋላ 17። ከ25 ሲቀነስ ፊት 6፣ ኋላ 8 ይተርፋል። ከሁለቱም 3 ሳ.ሜ የጎን ስፌቱ ይውሰድ። የቀረው የዳርት ነው፦ ፊት 3፣ ኋላ 5።

5 ሳ.ሜ በአንድ ዳርት አታውጡ፣ ጫፉ ላይ ጉብ ይላል። 2.5 አድርጋችሁ ለሁለት ክፈሉት። የፊቱም 1.5 የሆኑ ሁለት ዳርቶች ቢሆን ያምራል።

ኋላ ላይ የወገብ መስመሩ ከመሃል እስከ ጎን ዳርቱን ጨምሮ 22 ሳ.ሜ ነው። ሦስት ቦታ እኩል ክፈሉትና ምልክቶቹ ላይ ዳርቶቹን አስቀምጡ። ወደ መሃል ያለው 13፣ ወደ ጎን ያለው 12 ሳ.ሜ ይርዘም። የፊቶቹ ግን ከ8 እስከ 9 ይበቃቸዋል። ጨርቁ የሚለቀቀው ዳርቱ ሲያልቅ ነው፤ ሆድ ደግሞ ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ነው የሚወጣው። ፊት ላይ የመጀመሪያው ዳርት ከመሃል 10 ሳ.ሜ ገደማ፣ ሁለተኛው ከእሱ 5 ሳ.ሜ ራቅ ብሎ ይሁን።

ስትስሉ የዳርቱን መሃል ቀጥ አድርጋችሁ አስምሩ፤ ስፋቱን ግራና ቀኝ እኩል ክፈሉና ከጫፉ ጋር አገናኙ። የወገቡን መስመር ከመቁረጣችሁ በፊት ወረቀቱን ልክ ዳርቱ እንደሚታጠፈው እጠፉት። ታጥፎ ተቆርጦ ሲገለጥ ዳርቱ አፍ ላይ እንደ ቤት ክዳን ሾል ያለች ቅርጽ ትወጣለች። እሷን ቆርጣችሁ እንዳታስተካክሏት፤ የወገቡ ስፌት ዳርቱን የሚይዘው በእሷ ነው።

ጨርቁን መጀመሪያ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ሰፍታችሁ ለኩት። ለባሿ ትቁም፣ ትቀመጥም። ጫፉ ላይ ጨርቁ ከተነፋ ዳርቱ ለርዝመቱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ስፋቱን ቀንሱና ትርፉን ለጎን ስፌቱ ስጡት። ሆዱ ላይ ወደ ጎን ከተወጠረ የፊቱን ዳርት አሳጥሩት።

በመኪና ስትሰፉ ከወገብ ጀምራችሁ ወደ ጫፉ ውረዱ። የመጨረሻዋ 2 ሳ.ሜ እጥፋቱን ታክካ፣ ቀስ ብላ ትለቅ። ጫፉ ላይ ወደኋላ መልሳችሁ አትስፉ፣ ጨርቁን ይጨመድደዋል። ክሩን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡና በእጅ ቋጥሩት። ከዚያ ፎጣ ጠቅልላችሁ በላዩ ላይ ዳርቱን ወደ መሃል አስተኝታችሁ ተኩሱት። ጨርቁ ወፍራም ከሆነ እጥፋቱን ጫፉ ጋ 2 ሳ.ሜ ሲቀር እስኪደርስ ቅደዱና ግራና ቀኝ ከፍታችሁ ተኩሱት።