«በዘራችን የለም» እያልን የምናባክናቸው ዓመታት

«በእኛ ዘር ካንሰር የለም» የሚለው መዘናጊያ ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል። ከ100 ካንሰር ከወላጅ በተወረሰ የዘረመል ጉድለት የሚመጣው ከ5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው በኑሯችን ዘመን የሚጠራቀም ነው። ሴል በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይስታል። ሰውነት አብዛኛውን ስህተት ያርማል፤ ያመለጠው ግን ዓመት በዓመት ይደራረባል። ትንባሆ፣ ፀሐይና አንዳንድ ቫይረሶች ያበዙታል። ካንሰር ከዕድሜ ጋር የሚበረታው ለዚህ ነው።

በዘራቸው ያለባቸውም ይሳሳታሉ፤ የጡት ካንሰር ሲባል የእናት ወገን ብቻ ይቆጠራል። ቢ አር ሲ ኤ በተባሉት ዘረመሎች ላይ ያለ፣ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ ጉድለት ግን ከአባትም ይወረሳል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም ግማሽ በግማሽ ነው። ለሐኪም ስለ አባታችሁ እህቶችም ንገሩ፣ በስንት ዓመታቸው እንደታመሙ ጭምር። በየቤቱ «በክፉ በሽታ ሞተች» ተብሎ ይታለፋል። ስሙ ካልተጠራ ልጆቿ ምን ብለው ለሐኪም ይናገራሉ?

«የሽማግሌ በሽታ ነው» ማለትም ያሳስታል። የማህጸን በር ካንሰር መነሻው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በ45 ዓመቷ የታመመች እናት ቫይረሱ የያዛት በ25 ዓመቷ ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ ዓመት መዳኛዋ ነበር! በኢትዮጵያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማህጸን በራቸው አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ተቀብቶ ይታያል፤ የነጣ ቦታ ከተገኘ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ይታከማል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በሽታው ስለሚፈጥንባቸው ምርመራውን ቀደም ብለው ይጀምሩ። የኤች ፒ ቪ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ፣ እባካችሁ፣ ልጃችሁን አትከልክሉ።

«አያመኝም እኮ።» የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። አክስቴ ስላላመማት ብቻ ለማንም ሳትናገር ዓመት ከረመች።

«ከእንግዲህ ማጨስ ባቆም ምን ዋጋ አለው?» ያቆመ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ ማጨስ ከቀጠለው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

የሻገተ ኦቾሎኒና በቆሎ ጠርጎ መብላትም ይቅር። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ቢቆላም ቢቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ያለበትን ሰው ሲያገኝ የጉበት ካንሰር አደጋውን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።